ልጆች የሚገቡበት ውሃ፦ የሐይቅ ዳር ማረፊያ አመራረጥ

ኢትዮጵያ ውስጥ ለቤተሰብ የሚሆን የውሃ ዳር ማረፊያ ሲባል የሐይቅ ዳር ማረፊያ ማለት ነው። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ከመሆኗ በፊት አቅሙ ያለው ቤተሰብ ምጽዋ ወርዶ ጉርጉሱም ዳርቻ ላይ ልጆቹን ያዋኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሕር ለማየት ድንበር መሻገር ግድ ሆኗል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ግን ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነዋሪ ቅርብ ናቸው። ከሆሳዕና፣ ከዱራሜ፣ ከሾኔ ወይም ከቦኖሻ የተነሳ ቤተሰብ በሀላባ ቁሊቶ በኩል ሻሸመኔ ሲደርስ መንገዱ ይለይለታል፤ ወደ ደቡብ ሐዋሳ፣ ወደ ሰሜን ላንጋኖ አለ። በወላይታ ሶዶ በኩል ለሚወርድ አርባ ምንጭ፣ በቡታጅራ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ደግሞ ቢሾፍቱ ይጠብቀዋል።

ቦኖሻ የራሷም ውሃ አላት። የሻሾጎ ወረዳ ቦዮ ሐይቅ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም፤ ውሃው ወደ ብላቴ ወንዝ፣ ብላቴም ወደ አባያ ይሄዳል። ቦዮ ግን ጥልቀት የሌለው፣ ዙሪያው ረግረግ የሆነ፣ ወፍና ጉማሬ የሚኖሩበት ሐይቅ ነው። ልጆችን ወስዶ ወፎቹን ከዳር ሆኖ ማሳየት ደስ የሚል የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፤ መዋኛ ግን አይደለም። ለዋና የሚወጣ ቤተሰብ ከአካባቢው መውጣት አለበት።

ወላጆች ማረፊያ ሲመርጡ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አልጋው፣ ስለ ምግቡና ስለ ዋጋው ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ልጅ ለያዘ ሰው ግን ከሁሉም የሚቀድመው የውሃው ጉዳይ ነው። ልጅ ሐይቅ ዳር ደርሶ ውሃ ውስጥ ሳይገባ አይመለስም። የተከለከለ እንኳ ቢሆን እግሩን መንከሩ፣ ኳሱን ተከትሎ መግባቱ አይቀርም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ፣ ከዳር ስንት እርምጃ ከተሄደ በኋላ እንደሚጠልቅ፣ ውስጡ ያለ ሰው ከላይ ይታይ እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከማይታዩት አደጋዎች ዋናው ቢልሃርዝያ ነው። የበሽታው ጥገኛ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣና የሰው ቆዳ ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ቁርጭምጭሚት ድረስ ገብቶ መንቦጫረቅ በቂ ነው። ቀንድ አውጣው የሚወደው ረጋ ያለ፣ ፊላና ደንገል የበቀለበት፣ ሰው ልብስ የሚያጥብበትና የሚጸዳዳበት ዳርቻ ነው። ለትንንሽ ልጆች የተመቸ የሚመስለውም ይኸው ጸጥ ያለና ጥልቀት የሌለው ቦታ መሆኑ ነው ችግሩን የሚያባብሰው። በሽታው በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዙሪያ እንዲሁም በጣና ዳርቻዎች መኖሩ ለረጅም ጊዜ ይታወቃል። ፕራዚኳንቴል የሚባል ውጤታማ መድኃኒት አለው፤ ሆኖም ሳይታወቅ ለዓመታት የቆየ እንደሆነ አንጀትንና ጉበትን ይጎዳል።

በዚህ መመዘኛ ላንጋኖ ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይለያል። ከቢልሃርዝያ ነፃ በመሆኑ የታወቀና ቤተሰቦች ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲዋኙበት የኖሩት ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። አቶ በቀለ ሞላ በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ ከዘረጓቸው ሆቴሎች አንዱን የተከሉት በዚህ ሐይቅ ዳር ነበር፤ ዛሬ በምዕራባዊው ዳርቻ ከዋናው አስፋልት ገባ ብለው በርከት ያሉ ሎጆችና ሪዞርቶች ይገኛሉ። ዳርቻው ብዙ ቦታ ላይ አሸዋማ ነው፤ ወለሉም ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ልጅ ድንገት ከገደል አይወድቅም።

ላንጋኖን መጀመሪያ የሚያይ ወላጅ ግን ብዙ ጊዜ ይደነግጣል፤ ውሃው ቡናማ ነው። ልጆቹን እዚህ ጭቃ ውስጥ ላስገባ ወይ ብሎ የሚያንገራግር ብዙ ነው። ቀለሙን የሰጠው ውሃው ውስጥ ተንሳፎ የሚኖር እጅግ የደቀቀ አፈር ስለሆነ ለጤና የሚያሰጋ ነገር የለውም። ሌላ ቦታ ጥርት ብሎ የሚታየው የቄጠማ ዳር ውሃ ከዚህ ይልቅ ያስፈራል።

ቡናማው ቀለም በሌላ በኩል ግን እውነተኛ አደጋ አለው። አንድ ልጅ ጭንቅላቱ ከውሃው በታች አንድ ክንድ ከገባ ከዳር ሆኖ ማንም አያየውም። ለዚህ ነው ላንጋኖ ላይ ልጅን ወንበር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ የማይበቃው፤ ትልቅ ሰው ልጁ አጠገብ ውሃው ውስጥ፣ እጁ በሚደርስበት ርቀት መቆም አለበት። የልጁ የዋና ልብስ ደማቅ ብርቱካናማ ወይም የሚያበራ ቢጫ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰማያዊና ነጭ ልብስ ውሃ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ማዕበል ያበጃልና ለትንንሾቹ የሚሻለው ረፋዱ ነው። በአንዳንድ ዳርቻዎች ጉማሬ ስለሚኖር የማረፊያው ሠራተኞች ካመለከቱት ቦታ ወጣ ብሎ መዋኘት፣ በተለይም ሲመሽ፣ አይገባም።

ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ ውሃ ውስጥ መዋል ከሰለቻቸው ከላንጋኖ ፊት ለፊት የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰጎንና የሜዳ ፍየል በቅርብ ይታያል። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ ጥልቁ ነው። በዳሩ የሚፈልቀው ፍል ውሃ የሚያቃጥል ስለሆነ እዚያ የልጅ እጅ መለቀቅ የለበትም።

ሐዋሳ ከሆሳዕና ለሚነሳ ቤተሰብ በጣም የተለመደው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ከተማ ነው። ሆስፒታል፣ ፋርማሲ፣ ዳይፐርና የዱቄት ወተት የሚሸጥ ሱቅ፣ ለሁሉም ኪስ የሚሆን አልጋ አለ። የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ስትሆን ሐይቋ ከዋና ዋናዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትንሹ ነው፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ኃይሌ ሪዞርትን፣ ሌዊ ሪዞርትንና ሌሎችን የያዘው ዳርቻ ለእግር ጉዞ፣ ለጀልባና ወፍ ለማየት እጅግ ያማረ ነው። ልጅን የሚማርከው ግን አብዛኛውን ጊዜ አሞራ ገደል የሚባለው የሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያ ነው። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሰው እያህሉ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የቆሮሶና የአምባዛ ትርፍራፊ ሲወረወር ይሻማሉ። ብዙ ልጅ ከሪዞርቱ ገንዳ ይልቅ ይህን ሲያስታውስ ይኖራል።

እዚያው የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ ግን ለልጅ አይሰጥም። የዓሣ ሾርባና በደንብ የተጠበሰ ዓሣ፣ አጥንቱ በወላጅ እጅ ተለቅሞ፣ ጥሩ ምሳ ይሆናል። ከሐይቁ ለዋና መግባት ደግሞ በሁለት ምክንያት አይመከርም፤ አንዱ ቢልሃርዝያ፣ ሌላው ጉማሬ። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ ማረፊያ ሲመረጥ ሐይቁ ለዓይን፣ ገንዳው ለዋና ተብሎ መታሰብ አለበት። ገንዳ የሌለው የሐይቅ ዳር ሆቴል መስኮቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሙቀት ላይ ልጅን ውሃ ከልክሎ ማዋል ነውና ለቤተሰብ አይሆንም። በሻሸመኔ አቅራቢያ ያለው ወንዶ ገነት ፍል ውሃ በዚህ መንገድ ሊታከል ይችላል።

አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ ከዚህም ጠበቅ ያለ ነው። በአባያና በጫሞ አዞ ስላለ መዋኘት የሚባል ነገር የለም። ጫሞ ላይ በሞተር ጀልባ አዞዎች ወደሚሰበሰቡበት «አዞ ገበያ» መሄድ አሥር ዓመት ገደማ ለሆነ ልጅ የሚያስደስት ጉዞ ነው፤ በጀልባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የማያውቅ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ልጅ ግን ዳር ቢቀር ይሻላል። በልኩ የተሠራ የልጅ ላይፍ ጃኬት የሌለው ባለ ጀልባ ዋጋው ቢረክስም መታለፍ አለበት፤ የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውሃ ላይ ሲወድቅ ጃኬቱ በጭንቅላቱ ያልፋል።

አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠሩ ናቸው። ይህ ማለት ዳርቻቸው ቁልቁለት፣ ውሃቸውም ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ጥልቅ ነው ማለት ነው። ባቦጋያ ከ60 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በዚያ ከተማ ያሉ ሪዞርቶች፣ ኩሪፍቱን ጨምሮ፣ ለቤተሰብ የሚፈለጉት በገንዳቸውና በልጆች መጫወቻቸው ነው፤ ኩሪፍቱ ለብቻው የውሃ መጫወቻ መናፈሻም አለው። ዳውሮ ላይ በግልገል ጊቤ ሦስት ሰው ሠራሽ ሐይቅ አካባቢ የተሠራው ሀላላ ኬላ ሪዞርት ደግሞ መልክዓ ምድሩ የሚያስደንቅ ነው፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ግን መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢያስብበት ይሻላል።

እንግዲህ ከላንጋኖ በቀር የቤተሰቡ ዋና የሚሆነው ገንዳ ውስጥ ነው፤ የገንዳው ነገርም በፎቶግራፍ አይታወቅም። ከመክፈል በፊት በስልክ ሊጠየቁ የሚገቡ ነገሮች አሉ፤ የልጆች ገንዳ ለብቻው አለ ወይስ የአዋቂው ዳር ነው የሚሰጣቸው? የአዋቂው ገንዳ ዝቅተኛው ጥልቀት ስንት ነው? አንድ ሜትር ከሃያ የሚል መልስ ከመጣ ለስድስት ዓመት ልጅ ከአናቱ በላይ ነው ማለት ነው። ውሃው ከየት ይመጣል፣ ክሎሪንስ ይጨመርበታል? ከሐይቅ ተስቦ ያለ ክሎሪን የሚሞላ ገንዳ ከሐይቁ አይለይም። በሥራ ላይ ያለ ነፍስ አድን ዋናተኛ አለ ወይስ የጓሮ ሠራተኛው ነው የሚያየው? ከደረሱ በኋላ ደግሞ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ፤ በጥልቁ በኩል ቆሞ ወለሉ ላይ ያለውን የውሃ መውረጃ ክዳን መመልከት። ክዳኑ በግልጽ ካልታየ ልጅም ቢሰጥም አይታይም፤ ውሃው እስኪጣራ መግባት የለበትም።

በውሃ መስጠም ሰዎች እንደሚያስቡት ጩኸትና መንፈራገጥ ያለበት አይደለም። ትንሽ ልጅ ድምፅ ሳያሰማ፣ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሰጥማል፤ ብዙ ጊዜም ትልልቆቹ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሆነው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ ወደ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ከብዙ ቤተሰብ ጋር ተሰባስቦ መሄድ ጥበቃውን የሚያጠናክር ቢመስልም እያንዳንዱ ሌላው ያያል ብሎ ስለሚያስብ ሊያላላውም ይችላል። መፍትሔው ተራ መግባት ነው፤ አንድ ሰው ስልኩን አስቀምጦ፣ ቢራውን ትቶ፣ ለሃያ ደቂቃ ልጆቹን ብቻ ያያል፤ ከዚያ በስም ጠርቶ ለሌላው ያስረክባል። በክንድ ላይ የሚታሰር በአየር የሚነፋ ፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ነፍስ አያድንም። ከውሃ የወጣ ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ ውሃውን ለማውጣት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ወዲያውኑ እዚያው ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን፣ ሌላ ሰው ደግሞ እርዳታ እንዲጠራ ማድረግ ያስፈልጋል።

የደጋ ሰው የሚረሳው ሌላው ጉዳይ ወባ ነው። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ብዙ ቤተሰብ አጎበር የመዘርጋት ልማድ የለውም። ሐዋሳ፣ ላንጋኖና አርባ ምንጭ ግን ከዚያ ዝቅ ይላሉ፤ ወባውም ከክረምቱ መውጣት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። ስለዚህ መኝታ ክፍሉ ያልተቀደደ አጎበር ወይም በመስኮቱ ወንፊት እንዳለው መጠየቅ አለበት፤ ከሌለ ከቤት ይዞ መሄድ ከባድ አይደለም። ልጆቹ ከማምሻው ጀምሮ ረጅም እጅጌና ሱሪ ቢለብሱ ይጠቅማል። ከዚህ ጋር ፓራሲታሞል፣ የፀሐይ ኮፍያና ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሚል ስም የሚታወቀው ኦአርኤስ ከቦርሳው መጥፋት የለበትም።

ገንዘቡን በተመለከተ በስልክ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። አብዛኛው ሪዞርት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ያስባል፤ 10,000 ብር የተባለው መጨረሻ ላይ 12,650 ብር ሆኖ ይመጣል። ልጅ እስከ ስንት ዓመቱ በነፃ እንደሚተኛ፣ ተጨማሪ ፍራሽ ይከፈልበት እንደሆነ፣ የልጆቹ ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር መካተቱን አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ክርክርን ያስቀራል። አቅሙ ለማይፈቅድ ቤተሰብ ደግሞ ጥሩ መንገድ አለ፤ ከተማ ውስጥ ንጹሕ ፔንሲዮን ይዞ አድሮ፣ ቀን ቀን የሪዞርቱን የመግቢያ ክፍያ ብቻ ከፍሎ ገንዳና መጫወቻ መጠቀም። ሐዋሳ ለዚህ በጣም የተመቸች ናት። ልጆቹ የት እንዳደሩ አይቆጥሩም።

ጊዜውን መምረጥ የቦታውን ያህል ለውጥ ያመጣል። ለሐዲያና ለከምባታ ቤተሰብ መስቀል የመሰባሰቢያ በዓል ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድምም፣ አዲስ አበባ ያለችው እህትም የሚመጡት ያኔ ነውና ለመዝናኛ ጉዞ የሚሆነው ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ቢኖረውም የሐይቆቹ ዳር ከሆሳዕና ይልቅ ይሞቃል፤ ዋጋውም ከበዓላት ጊዜ ይቀላል። የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ፀሐያማ ነው፤ ነገር ግን ጊዜው የሠርግ ነውና ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከሕፃን እንቅልፍ ጋር አይስማማም። የሐዋሳና የቢሾፍቱ ማረፊያዎች በመሥሪያ ቤቶች ስብሰባም ይሞላሉ፤ በተመረጠው ቀን አዳራሹ ተይዞ እንደሆነ መጠየቅ አይጎዳም። ከመነሳት በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከሄደ ሹፌር ማጣራት፣ በብርሃን ተነስቶ በብርሃን መድረስም ሊዘነጋ አይገባም።

አቅሙ ኖሮት ባሕር ለሚሻ ቤተሰብ ሞምባሳና ዛንዚባር አሉ፤ ሁለቱም በአውሮፕላን የሚደረስባቸው ናቸው። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል፤ ያኔ መዋኘት አይቻልም፤ አለቱ ላይ ያለው እሾሃም የባሕር እንስሳም የልጅ እግር ይወጋልና የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። በሰሜኑ ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር አብሮ መያዝ አለበት። ዘመድ ደቡብ አፍሪካ ያለው ቤተሰብ ደርባንን ያውቅ ይሆናል፤ እዚያ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሻርክ መከላከያ መረብ አለ፤ ነፍስ አድን ዋናተኞችም ባንዲራ ተክለው ሰው በሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ብቻ እንዲዋኝ ያደርጋሉ። የእኛ ሐይቆች ዳር ሪዞርቶችም ይህን ቢጀምሩ ወጪው ሁለት ጨርቅና አንድ የሠለጠነ ወጣት ነው፤ ሊጠየቁም ይገባል።

ጉዞው ቤት ሲደርሱ አያበቃም። ወባ ሰውነት ውስጥ ከገባ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ አንዳንዱ ዓይነት ወራት ይቆያል። የቢልሃርዝያ ትኩሳት፣ ሳልና ሽፍታም ብዙ ጊዜ ከበርካታ ሳምንታት በኋላ ይመጣል። በደጋ ከተማ ያለ ጤና ባለሙያ ትኩሳት የያዘው ልጅ ሲመጣለት ሐይቅ ዳር ሰንብቶ እንደነበር ሊገምት አይችልም። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ካተኮሰው ባለሙያው ሳይጠይቃቸው የት እንደነበሩና በየትኛው ውሃ እንደዋኘ ይንገሩት።